የጎደለችው ዓመት

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል እውነት መሆኑን የማይቀበል የለም። ነገር ግን ጸሐፊው የተሳሳተ እንደ ሆነ ስሕተቱም አብሮ እንደሚወረስ በራሳችን ላይ ከደረሰው ተምረናልና፥ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልናወሳ ወደድን።

ከአገራችን ወጥተን በአሜሪካ መኖር ከጀመርን በኋላ፥ በዚያ አገር የምድር ጦር ተጠባባቂ ክፍል ገብተን አገልግለናል። ተጠባባቂ ወታደር በአዘቦት ቀን በየሥራው ይውላል፤ በወር አንድ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ፥ በዓመትም ሁለት ሳምንት ያህል እየተጠራ ይሠለጥናል። የጡረታ መብቱም የሚታሰበው በነጥብ ነው። በአባልነቱ ብቻ በዓመት 15 ነጥብ ያገኛል፤ ለአራት ሰዓት ሥልጠና አንድ ነጥብ ስለሚታሰብለት፥ የአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥልጠና አራት ነጥብ ይሆናል። ዓመቱ ለጡረታ እንዲቈጠርለት ነጥቡ ከ50 ማነስ የለበትም፤ እንዲህ ያለ 20 ዓመት የፈጸመ ሰው እንደ ደንቡ 60 ዓመት ሲሞላው አበል ይቀበላል።

እኛም ሃያውን ፈጸምን ብለን ደስ እያለን የነጥባችንን ዝርዝር ብንመለከት፥ ከመካከል አንዱ ዓመት 47 ነጥብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያ ዓመት እናታችን ያረፈችበት ነው። ለተዝካሯ ወደ አገር ቤት ስለ ሄድን የሁለቱን ሳምንት ሥልጠና በፈቃድ አልተካፈልንም። ይሁን እንጂ እንደ ተመለስን ከሌላ ክፍል ጋራ አንድ ቅዳሜና እሑድ ሠልጥነን ነበርና፥ ያ ቢመዘገብልን 51 በሆነ ነበር። ስለ አራት ነጥብ ዓመቷ ጐደለች፤ ስለ አንዲት ዓመትም የሃያው ዘመን መብት ተንጠለጠለ።

በዚያ አገር የወታደርን መዝገብ የሚያርም፥ ከሲቪል ሰዎች የተቋቋመ ቦርድ አለ። አመልካች ስሕተቱን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ማመልከት ይገባዋል፤ ሆኖም ፍትሕ የሚጠይቀው ሆኖ ሲገኝ ቦርዱ የዘገየውንም ሊቀበል ይችላል። ነገር ግን አስቀድሞ በታች ያለውን መንገድ መጨረስና ማስረጃ ማቅረብ የአመልካቹ ፈንታ ነው። በመዝገብ ክፍሉ ያለው ጸሐፊም በትሕትና፥ «ማስረጃ ያምጡ» አለን።

ይህ ቃል ለጆሮአችን አዲስ አልነበረም። በ1982 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሳለን፥ ጡረታ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ሃምሳ አለቃ የስድስት ወር አገልግሎታቸው ከመዝገብ መጕደሉን ሊያመለክቱ ይመጡ ነበር። «ልጄ፥ እዚያ መዋሌን እግሬ ይመሰክራል» እያሉ ጠባሳቸውን ያሳዩን ነበር። እኛም፥ «አባባ፥ ጠባሳ ከፋይል ጋራ አይያያዝም፤ ደብዳቤ ያምጡ» እያልን እንመልሳቸው ነበር። ደብዳቤው ከእኛው መደርደሪያ ላይ ይኖር እንደ ሆነ ለመፈለግ ግን ከወንበራችን አልተነሣንም። አራት ጊዜ ደጅ ጠኑ፤ በአምስተኛው አልመጡም።

የእኛ ጕዳይ ግን እንዲህ አልቀረም። በዚያ ቅዳሜና እሑድ ያሠለጠኑን መኰንን ጡረታ ወጥተው በሌላ ከተማ ይኖሩ ነበር። ብንጽፍላቸው፥ አሮጌ ወረቀታቸውን ፈትሸው የፈረሙበትን ቅጅ ከምስክርነት ደብዳቤ ጋራ ላኩልን። የስሕተቱም ምክንያት ያን ጊዜ ታወቀ፤ በዚያ አገር ሰው ሁሉ በቤተ ሰብ ስም ስለሚጠራ፥ ጸሐፊው የአባታችንን ስም ትቶ በአያታችን ስም ጽፎናል፤ ከመለያ ቍጥራችንም አንዱን አኃዝ አሳስቷል። ነገሩ ወደ ቦርዱ ሳይደርስ ታረመ፤ ዓመቷም ተቈጠረች።

ቅጅ ያልተያዘለት መዝገብ ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ ያ አገር ራሱ ያውቀዋል። ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ አጠገብ በነበረው የወታደሮች መዝገብ ቤት እሳት ተነሥቶ፥ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት ፋይል አጠፋ። ቅጅ ስላልነበረው፥ የብዙ ሰው አገልግሎት ከደመወዝ ሰነድና ከመሳሰለው እየተለቀመ እንደ ገና መሰብሰብ ነበረበት።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፥ ስማችሁ የተጻፈበትን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ቅጅውንም ያዙ። መምህራንም የተማሪውን ስም እስከ አያቱ አስተካክላችሁ ጻፉ፤ ያች መስመር አርባ ዓመት ትከተለዋለችና። በመዝገብ ቤት ለተቀመጡት ወንድሞችና እኅቶቻችን ግን ምክር ለመስጠት ድፍረት የለንም፤ የምንነግራቸው ያየነውን ብቻ ነው። ያ መኰንን ለማያስታውሱት አንድ ባዕድ ሰው ብለው ወረቀታቸውን ፈተሹ። እኛ ግን ለአገራችን ሽማግሌ አንድ መደርደሪያ አልፈተሽንም።