ሰው የማይረግጣት ደሴት

ደርባን ሕንድ ውቅያኖስ ዳር የተዘረጋች የደቡብ አፍሪካ የወደብ ከተማ ናት። በታኅሣሥ ሙቀቱም ዝናቡም አንድ ላይ ነው፤ ወበቁ የሚጀምረው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው። ወፍ ማየት የፈለገ ማልዶ ይውጣ እንዳሉኝ፣ እኔም በማለዳ ቤሪያ በሚባለው ኮረብታ ተዳፋት ላይ ወዳለው የዕፅዋት ማዕከል አቀናሁ።

ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1849 የተመሠረተ ነው። እስከ ዛሬ ከዘለቁት የአፍሪካ የዕፅዋት ማዕከላት አንጋፋው እሱ ነው። መጀመሪያ የተቋቋመው ለአካባቢው የሚስማሙ የገበያ ሰብሎችን ለመሞከር ነበር። ዛሬ ዙሪያውን ሕንፃና አስፋልት ከብቦታል፤ 15 ሄክታር በሚያህለው ግቢ ውስጥ ግን ያረጁ ዛፎች፣ ሰፊ ሣርና አንድ ኩሬ አሉ። ወፎቹን የሚያመጣቸው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ሃዲዳ የሚባለውን ወፍ ጩኸት ነው። ከጣሪያ በላይ እየበረሩ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ፣ ሰፈሩን በሙሉ ይቀሰቅሱታል። አብሮኝ የመጣው፣ መሀል ከተማ ሱቅ ያለው የአገሬ ልጅ ቀና ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ ይሄማ አዲስ አበባ ጠዋት ጠዋት የሚጮኸው የእኛው ወፍ ነው!» አለኝ።

«የእኛው እንኳ አይደለም፤ የአክስቱ ልጅ በለው» አልኩት። ሁለቱም ከአንድ የአይቢስ ወገን ናቸው። የእኛው አንገቱ ሥር ቀጭን ሥጋ የሚያንጠለጥለው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው ነው።

ሃዲዳው ሣሩ ላይ ሲያርፍ ቀረብ ብለን አየነው። ከሩቅ አመድማ ቡኒ የሚመስለው ክንፉ ፀሐይ ሲያገኘው አረንጓዴና ሐምራዊ ያብረቀርቃል። ረጅሙን ቆልማማ መንቁሩን እስከ ሥሩ አፈር ውስጥ ይሰካል፣ ይነቅላል፣ አንድ እርምጃ ይሄድና ደግሞ ይሰካል። በዓይኑ ብቻ አይፈልግም። የመንቁሩ ጫፍ ትል ከመሬት በታች ሲንቀሳቀስ ንዝረቱን ይሰማል፤ ይህ ስሜት በደንብ የሚሠራው ደግሞ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ነው። ሃዲዳ ባለፈው ምዕተ ዓመት ቀድሞ ወደማይታወቅባቸው የደቡብ አፍሪካ ደረቅ አካባቢዎች የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ሣሩን ውኃ ሲያጠጣ፣ ዛፍ ሲተክል፣ ሳያውቀው ለሃዲዳ ማዕድና መኝታ አዘጋጀለት።

ኩሬው ጋ ስንደርስ ወሬያችንን አቆምን። መካከሉ ላይ ዛፍ የለበሰች ትንሽ ደሴት አለች። ሰው አይረግጣትም፤ ስለዚህ የወፎቹ ናት። ጀርባቸው ፈዘዝ ያለ ሮዝ የሆነ ፔሊካኖች ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ያበጥራሉ። የግብፅ ዝይ ጫጩቶቿን አስከትላ ዳር ዳሩን ትቀዝፋለች። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ደግሞ መንቁሩ ማንኪያ የሚመስል ነጭ ወፍ፣ ፊቱም እግሩም ቀይ፣ ቆሞ ያጠምዳል። መንቁሩን ገርበብ አድርጎ ውኃው ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል፤ የሆነ ነገር ሲነካው በቅጽበት ይገጥማል። ከኋላችን የከተማ አውቶቡስ ሲያልፍ ይሰማል፤ እሱ ግን ቀና እንኳ አላለም።

ከኩሬው ራቅ ብሎ ሌላ ታሪክ አለ። ዘንባባ የሚመስል፣ ዘንባባ ግን ያልሆነ፣ ከሳይካድ ወገን የሆነ ተክል ነው። የማዕከሉ ኃላፊ የነበረው ጆን ሜድሊ ዉድ እ.ኤ.አ. በ1895 ንጎዬ በሚባል ጫካ ውስጥ አገኘው፤ ተክሉም በስሙ ተጠራ። የተገኘው ወንዱ ብቻ ነው፤ ሴቷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ የዚያው የአንዱ ተክል ቁራጮች ናቸው። ሰው ተንከባክቦ ከሞት አድኖታል፤ ዘር እንዲያፈራ ግን ሊያደርገው አልቻለም።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነው። ብርቅ የሆነውን፣ አንድ ብቻ የቀረውን ማዳን ትልቅ እውቀትና ድካም ይጠይቃል፤ ያውም በጊዜ ከተደረሰ። ያልጠፋውን ለማቆየት ግን እርጥብ መሬት፣ ያረጀ ዛፍና ሰው የማይደርስበት አንድ ጥግ ይበቃል። ደርባን ላይ ፔሊካኑን ያመጣው ሰው የለም፤ ቦታ ስላገኘ መጣ።

አዲስ አበባም በወንዞቿ ዳር መናፈሻ እየሠራች ነው። ለሠሪዎቹ አንድ ነገር በል ብባል፣ ዳሩን ሁሉ በድንጋይ አታንጥፉት እላለሁ። ጥቂቱን ረግረግ ተዉት፤ የደረቀውንም ቅርንጫፍ ሁሉ አትቁረጡት፤ ከኩሬው መሀል ሰው የማይሻገርባት ጉብታ አስቀሩ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አለመንካትን ብቻ ይጠይቃል። አንገቱ ላይ ሥጋ ያንጠለጠለው ወፋችን ዛሬም በሰማያችን ላይ እየጮኸ ያልፋል። ከእኛና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የሌለውን ወፍ ቁጥሩ ሳይመናመን መጠበቅ ያለብን እኛው ነን።