የጋሸና መገንጠያ የወፍ ቋንቋ

ጋሸና የመንገድ ከተማ ናት። ከወልድያ የመጣው ወደ ደብረ ታቦር ያልፍባታል፤ ላሊበላ የሚሄደው እዚያ ይታጠፋል፤ በቆንና በወገል ጤና አድርጎ ደሴ የሚወርደውም እንዲሁ። እኛ እዚያ መገንጠያ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየተሯሯጥን ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል ስንሸጥ ነው ያደግነው። ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲከራከር፣ ከስንት በታች እንደማንወርድ እርስ በርስ የምንነጋገርበት ዘዴ ያስፈልገን ነበር። የወፍ ቋንቋችንን የነደፈችልን ታላቅ እህቴ ናት፤ እታለም ነው የምላት።

የወፍ ቋንቋ የማያውቅ ልጅ መቼም የለም። እታለም ግን ነገሩን እንደ ዋዛ አልያዘችውም። ሕጓ ከእያንዳንዱ ፊደል ቀጥሎ የሚገባው ድምፅ የፊደሉን አናባቢ ይድገም የሚል ነበር። መጀመሪያ «ሀ»ን ሞከረች። ግዕዙ «ሀ» እና ራብዑ «ሃ» ሲነገሩ አንድ ስለሆኑ «ነ»ን ማስተጋባት አልቻለም፤ ደግሞም የጋሸና ነፋስ ይበላዋል። «ቀ» ሲፈጥኑበት ጉሮሮ ያዘ። «ዘ» ይነዝራል፣ ከሩቅ ይሰማል፣ ሰባቱንም አናባቢ ይታዘዛል። «ውሃ አምጣ» እንግዲህ «ውዝሃዛ አዛምዝጣዛ» ሆነ። «ድንች» ግን «ድዝንዝችዝ» ሲባል ምላስ ያስር ነበር፤ ትንንሾቹ ስሙን መጥራት እየጠሉ ድንቹን አንሸጥም አሉ።

የባሰው በገና ሰሞን መጣ። ምእመናኑ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ላሊበላ ሲጎርፉ ጾመ ነቢያት ስላልተፈታ እንቁላል አይገዙም፤ ቆሎና ድንች ነው ገበያው። የአክስቴ ልጅ በወልድያ በኩል ኩርባው ላይ ቆሞ የሚመጣውን ይጠቁመናል። አንድ ቀን «ገዘናዛ! ገዘናዛ!» እያለ ጮኸ። በዓሉን ማለቱ ነበር፤ የገና መንገደኞች መጡ፣ ቆሎውን አውጡ ነው የሚለን። እኛ «ገና ነው፣ አልደረሰም» ያለን መስሎን እሳት እየሞቅን ቁጭ አልን። አውቶቡሱ ቆሞ፣ ሌሎች ሸጠውለት ሄደ። ልጁ ሲደርስብን ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

የበዓሉ «ና» ይጠብቃል፤ የሌላው ይላላል። ጽሑፋችን ጥብቀትን አያሳይም፤ ፊደል እየቆጠረ የሚሠራ ሕግም አላየውም። እታለም ማታ ምድጃው ዳር እጇን እያጨበጨበች ቃላቱን ደጋገመቻቸው። «ድንች» በጭብጨባ ከፊደሉ ያንሳል፤ «አምጣ»ም ሁለት ብቻ ነው። በፊደል ፋንታ በጭብጨባ ይቆጠር፣ «ዘ»ም ከአናባቢው ቀጥሎ ብቻ ይግባ አለች። «ድንች» ለምላስ ቀለለ፣ «አምጣ» «አዛምጣዛ» ሆነ፤ በዓሉ «ገዘንናዛ»፣ ያልደረሰው «ገዘናዛ» ሆነው ተለያዩ። ለምላስ ብላ ያበጀችው ሕግ ጥብቀቱንም አብሮ አዳነ። እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ሰዋስው ያስተማራት አልነበረም።

ካደግሁ በኋላ የአዝማሪዎችንና የነጋዴዎችን የምስጢር ቋንቋ ቮልፍ ሌስላው ሰብስቦ በ1964 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመ አወቅሁ። የበለጠ የያዘኝ ግን ተሾመ ደምሴና ሊዮኔል ቤንደር በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ የአንዳንድ የአዲስ አበባ ሴቶች የምስጢር አነጋገር ነው። እዚያ እንደ «ዘ» ከየአናባቢው ቀጥሎ የሚገባ ድምፅ የለም፤ ተነባቢዎቹ ተነቅለው በአንድ ቅርጽ ይፈሳሉ። ወርቅ «ዋይረቅ» ይሆናል። ተነባቢው ሁለት ብቻ ከሆነ የኋለኛው ይደገማል፤ ቤት «ባይተት»፣ ሄደ «ሃይደድ»። ለምስጢር ከእኛው በእጅጉ ይበልጣል፤ «ዘ»ን አንዴ የነቃበት ተሳፋሪ የእኛን በደቂቃ ይፈታዋል።

ለእታለም ደውዬ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «ቤትና ቡት ምን ይለያቸዋል?» አለችኝ።

«ሁለቱም ባይተት ናቸው» አልኳት።

«እንግዲያ ጎን ለጎን ተቀምጦ ለሚያወራ ነው፤ ከኩርባው ላይ ይጩኹበትና እናያለን!»