እኔን ማን ጠየቀኝ?

ዋሽንግተን ያለችው እህቴ እናታችንን በካሜራ ማየት አማራት። የወንድሜ ልጅ መጥቶ ቤታችን ባለው ራውተር ላይ 554 ቁጥር ፖርትን ከፈተላት።

«ጋሼ፣ ፋየርዎል ማለት ዘበኛ ነው፤ ያልተጠራን ይመልሳል። ፖርት ፎርዋርዲንግ ደግሞ ዘበኛውን ‹በዚህ ቁጥር የመጣውን ቀጥታ ካሜራው ጋ አድርሰው› ብሎ ማዘዝ ነው» አለኝ።

«የመጣችው አክስትህ መሆኗን በምን ያውቃል?»

ዝም አለ። ለካ የካሜራው የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደወጣ ነው! በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የማረከው እንዲህ ያለውን ቃል እየሞከረ ነበር።

ፖርቱ ተዘጋ፣ ቃሉ ተቀየረ፤ እህቴም የራሷ ቁልፍ ባለው ቪፒኤን እንድትገባ ሆነ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ለመሆኑ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ስለ ሌባው ስንጨነቅ፣ እኛው ራሳችን ሳናንኳኳ ገብተን ኖሯል።