ከዒሻ እስከ ፈጅር



የዶርማችን አንድ ወንድም ከጀማዓ መቅረት አበዛ። እጃችንን ስንዘረጋለት ደረቱን ነክቶ ሰላም ይለናል፤ ማታ ማታ ግን ሲያክክ እንሰማዋለን። በመጨረሻ ክሊኒክ ሄደ። እከክ ነው ተባለና 5 በመቶ ፐርሜትሪን የሚባል ቅባት ታዘዘለት።

ቅባቱ የሚያሳክከው ቦታ ላይ ብቻ አይደለም የሚቀባው። ከአንገት በታች ያለው ገላ ሁሉ፣ የጣቶች መካከል፣ የጥፍር ሥር፣ ብብትና ውስጥ እግር ሳይቀር ይዳረሳል። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል። ቀን የተቀባ ሰው ግን ለዙህርም ለዐስርም ውዱእ ሲያደርግ የእጁን መድኃኒት ያጥበዋል፤ ተባይዋ ደግሞ የጣቶችን መካከል ትወዳለች። ስለዚህ ዒሻ ከሰገደ በኋላ፣ ገላው ደርቆ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተቀባ። ለፈጅር ከሌሊቱ 10፡30 ተነስቶ ታጠበ። በመሃል ለተሀጁድ ተነስቶ ውዱእ ያደረገ ሰው እጁን መልሶ መቀባት አለበት።

ጀርባው አይደርስለትም ነበርና ጓንት አድርጌ ቀባሁለት፤ የቀረውን ተጋርዶ ራሱ ተቀባ። ሲረዱም የዐውራ ድንበር ይጠበቃል። ጓንቱን አውልቄ እጄን በሳሙና ታጠብሁ።

ከባዱ ነገር የእኛ ተራ ነበር። አብረውት የሚኖሩ ሁሉ ባያሳክካቸውም በዚያው ሌሊት ይቀቡ ተባለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከኩ እስኪጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላልና። አንዱ፣ «እኔ በቀን አምስቴ ውዱእ የማደርግ፣ ምን ሆኜ?» አለ። እከክ ግን ንጹሑንም ይይዛል። ቆዳ ከቆዳ ለረጅም ጊዜ ሲነካካ፣ አንዳንዴም በአንሶላና በልብስ ይተላለፋል። ለአፍታ መጨባበጥ ብዙውን ጊዜ አያስተላልፈውም።

ስድስታችንም ተቀባን። ልብስና አንሶላችንን በሙቅ ውኃ አጠብን፤ የማይታጠበውን በፌስታል አስረን ከሦስት ቀን በላይ አቆየን። ከሳምንት በኋላም ቅባቱን ደገምነው። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ጥቂት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ያኔ ክሊኒኩን መጠየቅ እንጂ በራስ ፈቃድ ደጋግሞ መቀባት ቆዳን ያስቆጣል።

የታመመን መጠየቅ ሐቅ መሆኑን ሁላችንም መድረሳ ተምረናል። ዶርም ውስጥ ይህ ሐቅ «አላህ ያሽርህ» ካሉ በኋላ «እኔም አብሬህ እቀባለሁ» ማለትን ይጨምራል። የሚያሳክካችሁ ካላችሁ ሳትደብቁ ዛሬውኑ ክሊኒክ ሂዱ። አላህ ለሁሉም ሕመምተኛ ዓፊያ ይስጥልን። አሚን።