አጎታችን መርከበኛው

በቤቱ ሽማግሌ ያለው ሰው ምን ያህል ሀብት እንዳለው ብዙውን ጊዜ አያውቅም። እኛም ሳናውቅ ከቀሩት ወገን ነን። ነገሩ ለእኛ የሚያሳፍር ቢሆንም፣ ለሌላው ቤተ ሰብ ትምህርት ይሆን ዘንድ በቤታችን የደረሰውን እንጽፋለን።

የእናታችን ወንድም የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጅማ ወደ ምጽዋ ወርደው፣ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ባሕር ኃይል በመጣችው «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ አገለገሉ። መርከቢቱ 95 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራት፤ ለባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ፣ ለዕጩ መኰንኖችም ማሠልጠኛ ነበረች። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ስትያዝ አጎታችን ብዙ ጓደኞቻቸውን አጡ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ መርከቢቱ ወደ የመን ስትሸሽ አብረው ተሰደዱ። እርስዋ በዚያው ለቁራጭ ብረት ተሸጠች፤ እርሳቸው ግን ከስደት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ኪቶ ፉርዲሳ ከእኛ ቤት ገቡ።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የቡና አገር ነው። መርከበኛ በዚህ ምን ይሠራል? አጎታችን ጠዋት ጠዋት ወደ ቦዬ ረግረግ ወርደው ውኃውን ሲመለከቱ ይቈዩ ነበር። ከዚያም ከአናጢዎች የተረፈ የዋንዛ ሣንቃ እየለመኑ፣ ከቤት ቀለም የቀረውን በየጣሳው እያጠራቀሙ ሥዕል መሣል ጀመሩ። የሚሥሉትም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር፤ ባሕርና መርከብ፣ በመርከቢቱም ላይ የቆሙ ሰዎች።

እኛ ይህን ሥራ ፈትነት አደረግነው። የቡና ለቀማ በደረሰ ጊዜ አንድ የሰው እጅ እንዳጐደሉብን ቈጠርነው፤ እንግዳ ሲመጣም ሣንቃዎቹን ወደ ጓዳ እናገባ ነበር። የሚያስገርመው ግን በዚያው ዘመን የሌላውን ሰው ሥራ እናደንቅ ነበር። በ1921 ዓ.ም. የተወለዱት፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ሠዓሊ ለማ ጉያ የአየር ኃይል ባልደረባ የነበሩ ናቸው። በፍየል ቆዳ ላይ በሚሥሉት የሰው መልክ ስማቸው ገንኖ፣ በቢሾፍቱ ሙዚየም እስከ መክፈት ደርሰዋል። ስለ እርሳቸው በራዲዮ ስንሰማ «ወታደርነትና ጥበብ በአንድ ሰው እንዲህ ይገናኛሉ» እያልን እናመሰግን ነበር። ይህን ስንናገር የእኛው ወታደር በጓሮ ተቀምጠው ብሩሽ ያጥቡ ነበር።

አንድ ክረምት የዶሮ ቤታችን መዝጊያ ተሰበረ። ዝናቡ ጠንቶ ነበርና ሌላ ዕንጨት ሳንፈልግ ከአጎታችን ሣንቃዎች ትልቁን አንሥተን በሚስማር መታነው። ሲመለሱ አዩት። ጥቂት ቆመው ተመለከቱና፣ «ግድ የለም ልጆቼ፣ ቀለሙ ዝናብ ይችላል» አሉን። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህም ጤናቸው እየደከመ ሄደ፤ ብሩሹንም አልፎ አልፎ እንጂ አያነሡትም ነበር።

ካረፉ በኋላ ለዐርባቸው ግቢውን ስናጸዳ መዝጊያውን ነቀልነው። በፊት በኩል የነበረው ባሕር እርሳቸው እንዳሉት ዝናቡን ችሎ ነበር። ወደ ውስጥ የዞረው ጀርባው ግን ከዶሮዎቹ እርጥበት የተነሣ በስብሷል። በእርሱም ላይ በቀጭን ብሩሽ የተጻፉ 17 መስመሮች ነበሩ፤ ልናነባቸው የቻልነው 4ቱን ብቻ ነው። የክርስትና ስሞች ነበሩ።

ያን ጊዜ አብረዋቸው ያገለገሉ አንድ አረጋዊ ለለቅሶ መጥተው ነበርና ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፣ «ወደ ባሕር ስንወጣ የክርስትና ስማችንን እርስ በርስ እንነጋገር ነበር። የተረፈው ሰው ለሟቹ ለካህን ስሙን እንዲሰጥለት ነው። ባሕር የወሰደው ሰው መቃብር የለውምና» አሉን። አጎታችን በሣንቃው ፊት የሣሉት ባሕር እንግዲህ የእነዚያ ሰዎች መቃብር ነበር፤ በጀርባው ያለውም የመቃብራቸው ጽሑፍ። እኛ ሥራ ፈትነት ያልነው፣ እርሳቸው ለጓደኞቻቸው የገቡትን ቃል የሚጠብቁበት አገልግሎት ሆኖ ተገኘ።

በተዝካሩ ዕለት 4ቱን ስሞች ከአጎታችን ስም ጋር ለካህኑ ሰጠን። ስለ ቀሩት 13ቱ ግን የምንሰጠው ስም አልነበረንም። ካህኑ፣ «እግዚአብሔር ያውቃቸዋል» ብለው አጽናኑን። እውነት ነው፤ ነገር ግን እኛም ልናውቃቸው በቻልን ነበር፤ አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጠን «አጎቴ፣ እነዚህ የቆሙት ሰዎች እነማን ናቸው?» ብለን ብንጠይቅ ኖሮ።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን ባሕር ኃይሏን እንደገና ለማቋቋም ተነሥታለች። ከቀድሞዎቹ መርከበኞች ዛሬም በየመንደሩ በጸጥታ የሚኖሩ አሉ። አንባብያን ሆይ፣ በቤታችሁ የሚሥል፣ የሚቀርጽ ወይም ብቻውን የሚያንጐራጕር ሽማግሌ ቢኖር፣ ሥራው ምን ይጠቅማል ከማለታችሁ በፊት ስለ ማን እንደሚሠራው ጠይቁት። ያ ሣንቃ ዛሬ በእንግዳ መቀበያችን ተሰቅሏል፤ ልጆቻችንም ጀርባውን እያዞሩ 4ቱን ስሞች ያነባሉ።