አረንጓዴው ሁሉ አንድ መስሎን

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ለማስተማር ልምምድ ከወጡት እጩ መምህራን መካከል እኛ አራታችን የተመደብነው ሳሪስ አቦ አካባቢ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ጥፋቱ የራሳችን እንጂ የትምህርት ቤቱ አይደለምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። 5ኛ ክፍል ገብተን ስለ ዕፀዋት በማስተማር ላይ ሳለን አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሣና ከቦርሳው ሃይላንድ አወጣ። በሃይላንዱ ውስጥ ያለው ውሃ አረንጓዴ ቀለም የተበጠበጠበት ይመስል ነበር። «ቲቸር፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ። በዚያን ሰዓት ከመካከላችን አንዱ ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ የቀረነው ሦስታችን ከኋላ ተቀምጠን ማስታወሻ እንይዛለን። መልሱን የሰጠው አንዱ ቢሆንም የአራታችን መልስ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ሁላችንም ራሳችንን ነቅንቀንለታልና። «አልጌ ነው። በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል፤ ኦክስጅንም ይሰጠናል። ጉዳት የለውም» ተባለ። ልጁ ተቀመጠ፤ ደወልም ተደወለ። የተማሪውን ጥያቄ ሳንሸሽ በመመለሳችን በግምገማው ላይ ጥሩ ነጥብ አገኘን እኮ!

በዚያው ሰሞን የባዮሎጂ መምህራችን የሰጡን የቤት ሥራ ነበረብን። በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚገኙትን አረንጓዴ የባሕር አልጌዎች አንብበን፣ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ ጽፈን እንድናመጣ ነው የታዘዝነው። ያጉረመረምነው ማጉረምረም አይነሣ። ባሕር ያላየን ሰዎች፣ በደባልነት በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ተኮልኩለን ስለ ፊጂና ስለ ሃዋይ የባሕር ዳርቻ ማንበብ ምን ይባላል? «ወንዝ ተሻግረን ቃሊቲ ለመሄድ የታክሲ ሳንቲም ቸግሮን...» እያለ አንዱ ጓደኛችን ያስቀን ነበር።

ማንበብ ከጀመርን በኋላ ግን ነገሩ ያዘን። ኡልቫ የሚባለው የባሕር ሰላጣ እንደ ስሙ ሰላጣ ይመስላል፤ ቅጠሉ ግን ሁለት ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው። መልኩ ከእርሱ ጋር የሚመሳሰለው ሞኖስትሮማ ደግሞ አንድ ረድፍ ብቻ አለው። በዓይን ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው፤ በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ግን ይለያቸዋል። ካውለርፓ የወይን ዘለላ የሚመስል ዓይነት አለው፤ ፊጂዎች «ናማ» ብለው ይበሉታል። የሚያስደንቀው፣ ግንድና ቅጠል ያለው የሚመስለው ይህ ረጅም ነገር በሙሉ ኒውክለሱ የበዛ አንድ ሕዋስ መሆኑ ነው። ሃሊሜዳ ደግሞ ሳንቲም በሳንቲም ላይ የተቀጣጠለ ይመስላል። አካሉ ውስጥ ኖራ ስለሚያከማች፣ ሲሞት የሚረግፈው ስባሪ የደሴቶቹ ነጭ አሸዋ ይሆናል።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ዓ.ም. እንደ ቅጠል የተዘረጋውንም እንደ አንጀት ቱቦ የሆነውንም ኡልቫ ብሎ በአንድ ወገን አስቀመጣቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን የተነሡት ግን «ቅጠልና ቱቦ እንዴት አንድ ይሆናል?» ብለው ቱቦውን ኢንተሮሞርፋ በሚል ስም ለዩት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በዘር ቅንጣታቸው ተመርምረው ተመልሰው አንድ ሆኑ። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቅርጽ ሰውን አታለለ ማለት ነው።

ኢዛቤላ አቦት የምትባለው የሃዋይ ተወላጅ ምሁርም በንባባችን ውስጥ አለች። ሃዋዮች የባሕር አልጌን «ሊሙ» ይሉታል፤ የሊሙን ስምና መልክ በመጀመሪያ ያስተማረቻት እናቷ ነበረች። አቦት እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. በዕፀዋት ሳይንስ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘች፤ ከ200 በላይ የአልጌ ዝርያዎችንም ለሳይንስ አስተዋወቀች። ይህን ያነበብነው ማታ ነው፤ ለምን እንደነካን ግን የገባን በኋላ ነው።

እንግዲህ የቤት ሥራውን ስንጽፍ የሚከተሉት ጥያቄዎች እየተደጋገሙ መጡብን። ክር ነው ወይስ ቅጠል? ይቀረንፋል ወይስ ቀጥ ያለ ነው? ድንጋይ ላይ ተጣብቋል ወይስ ይንሳፈፋል? ሲነኩት ይሻክራል ወይስ ያዳልጣል? አራታችንም ተያየን። ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም ለዚያ ሃይላንድ አላቀረብንለትም ነበር! ሃይላንዱን በእጃችን እንኳ አልያዝነውም። አረንጓዴ መሆኑን ብቻ አይተን ፈረድን።

በማግስቱ ልጁን ጠርተን ከየት እንዳመጣው ጠየቅነው። ቅዳሜ ጧት ራሱ ሊወስደን ቃል ገባ፤ ወሰደንም። አራት አስተማሪ ለሚከተለው ልጅ መንገዱ አጭር አይደለም፤ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ እየጠራ ነው የመራን።

መጀመሪያ ያገኘነው ወደ አቃቂ ወንዝ የሚገባውን ጅረት ነው። የሽታውን ነገር እንተወው። ወራጁ ውሃ ውስጥ ባሉት ድንጋዮች ላይ ረጅም አረንጓዴ ፀጉር ተጣብቆ በውሃው ይበጠራል። ነቅለን ስንዳብሰው እንደ ድሮ ጥጥ ይሻክራል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እየቀረነፈ ይሄዳል። ይህ ክላዶፎራ የሚባለው ነው፤ ቆሻሻ የበዛበትና ማዳበሪያ ያገኘ ውሃ ይመቸዋል። ከዚያ ፈንጠር ብሎ ውሃው ባቆረበት ስፍራ ሌላ አረንጓዴ ክር ተንሳፎ አገኘን። ይህኛው ሳሙና የተቀባ ይመስል ከጣት ጣት ያመልጣል፤ ቅርንጫፍ የሚባል የለውም። ስፓይሮጋይራ ነው። ከሩቅ ላየው ሁለቱም አንድ «የውሃ ፀጉር» ናቸው፤ ሁለቱም እውነተኛ አረንጓዴ አልጌ ናቸው። ሆኖም አንዱን ጨብጦ ሌላውን የጨበጠ እጅ በጭራሽ አይሳሳትም። ካራ የሚባለውንም ፈልገን ነበር፤ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ተክል የሚመስል፣ ሲያሹት ነጭ ሽንኩርት ነክ ሽታ ያለው ነው። አላገኘንም። ጥርት ያለ ውሃ ስለሚወድ እዚያ መፈለጋችንም የዋህነት ነበር።

ልጁ ግን «እዚህ አይደለም» ብሎ ወደ ላይ ወሰደን። ድሮ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ካባ ዝናብ ሞልቶት ኩሬ ሆኗል። በአንደኛው ዳር ውሃው ላይ አረንጓዴ ቅባት ሰፍሯል። እንጨት ብንሰድበት ክር ሆኖ አልተንጠለጠለም፤ እንጨቱን ቀለም ቀባው እንጂ። ከዚያው አንዲት እናት ላም ይዘው ቆመዋል። የልጁ አያት ናቸው።

«እናንተ ናችሁ አስተማሪዎቹ?» አሉን። አዎ አልን። «እኔ እኮ ነፋስ ይህን ቅባት ወደዚህ ዳር ሲገፋው አላጠጣም ነበር። በወዲያኛው ዳር ነው የማጠጣት። ከታች ያለው ፀጉሩ ነው፤ እሱስ ምንም አይል፤ ይሄ ግን ቅባቱ ነው፤ ደስ አይለኝም። ልጁ መጥቶ ቲቸሮቹ አይጎዳም አሉ ሲለኝ ጊዜ፣ የተማረ ካለ ብዬ ከትናንት ወዲያ እዚሁ አጠጣኋት።»

ምን እንበል? ላሚቱ ደህና ቆማለች፤ ሣሯን ትግጣለች። እኛ ግን ላብ አጠመቀን። እማማ ዘመናቸውን ሙሉ «ፀጉሩ» እና «ቅባቱ» ብለው የለዩትን እኛ በአንድ ቃል አንድ አደረግንባቸው፤ ይባስ ብሎ እርሳቸው የራሳቸውን ትተው የኛን አመኑ። «እማማ፣ በወዲያኛው ዳር ያጠጡ፤ ቅባቱ ከበዛም ጨርሶ ባያጠጧት ይሻላል፤ እኛ ተሳስተናል» አልናቸው። «እናንተም ትሳሳታላችሁ እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ከኩሬው የቀዳነውን በብልቃጥ አድርገን አሳደርነው። ጧት ስናየው አረንጓዴው በሙሉ ወደ ላይ ወጥቶ ከታች ያለው ውሃ ጠርቷል። ሰኞ መምህራችን ዘንድ ወስደን በቤተ ሙከራው ማይክሮስኮፕ አየን። በስፓይሮጋይራው ክር ውስጥ ክሎሮፕላስቱ እንደ ጥምዝ ጥብጣብ ይታያል፤ የሚያምር ነገር ነው። በኩሬው ውሃ ውስጥ ግን ክርም ጥብጣብም የለም። ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተሰብስበው ቅርጽ የለሽ ጉብታ ሠርተዋል። መምህራችን አጎንብሰው ብዙ ካዩ በኋላ «ማይክሮሲስቲስ ይመስላል» አሉ። እንዲህ ከሆነ ከነጭራሹ አረንጓዴ አልጌ አይደለም። ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ኒውክለስ የሌለው፣ ዘመዱ ባክቴሪያ የሆነ። በሕዋሱ ውስጥ ያሉት የጋዝ ከረጢቶች ናቸው ያንሳፈፉት። ከዝርያው መርዝ የሚያመነጭ አለ፤ የማያመነጭም አለ፤ በማይክሮስኮፕ አይቶ ይህኛው ነው ማለት አይቻልም። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፤ ውሃውን በማፍላትም አይጠፋም።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ አዋሽም እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. ወደተጠናቀቀው ወደ ቆቃ ግድብ ይገባል። በቆቃ ማይክሮሲስቲስ እየፈላ ውሃውን አረንጓዴ እንደሚያደርገው በጥናት የታወቀ ነው።

በሌላ በኩል ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅን እንመልከት። እዚያም ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ አይደለም፤ በተለምዶ ስፒሩሊና የምንለው ሳያኖባክቴሪያ ነው። ታሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ይህን ሐይቅ በዓለም ላይ የብርሃን አስተጻምሮ ከፍተኛ ከሆነባቸው ውሃዎች መካከል አስቀምጠውታል። በቻድ ሐይቅ ዳር ያሉ የካኔም ሴቶች ይህንኑ የስፒሩሊና ወገን ከውሃ አጥልለው፣ አድርቀው «ዲሄ» ብለው ለወጥ ያደርጉታል። እንግዲህ አንዱ ሳያኖባክቴሪያ ወጥ ይሆናል፤ ሌላው ጉበት ይጎዳል፤ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። «አረንጓዴ ስለሆነ አይጎዳም» ያልነው ሰዎች ይህን ስናነብ ምን እንደተሰማን አንባቢ ይገምተው።

የቀረው ወደ ክፍል መመለስ ነበር። እውነቱን ለመናገር ተከራክረናል። አንዱ «ልምምዳችን ሊያልቅ ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ ነጥባችንንም ያበላሻል» አለ። ሌላው «ልጁን ለብቻው ጠርተን እንንገረው» አለ። ግን እኮ የተሳሳትነው ሃምሳ ምናምን ልጅ ፊት ነው። እና ገባን፤ አራታችንም ሰሌዳው ፊት ቆምን። «ባለፈው የነገርናችሁ ስሕተት ነው» ብለን ጀመርን። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ከፊት ያለች አንዲት ልጅ «ታዲያ ደብተራችን ላይ የጻፍነውን እንሰርዘው?» አለች። ሰርዙት አልን። ብልቃጦቹን በየተራ አስነካናቸው፤ የኩሬውን ግን በእንጨት እንጂ በእጅ አላስነካንም። ሻካራውን «ክላዶፎራ»፣ የሚያዳልጠውን «ስፓይሮጋይራ» ብለን ሰሌዳ ላይ ጻፍን።

ያ ልጅ ሃይላንዱን አነሣና «የኔስ?» አለ።

«ማይክሮሲስቲስ ይመስላል» ብለን ጻፍንና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረግን። ልጁ ትንሽ አሰበና «አያቴ ቅባቱ ነው የምትለው» አለ። ይህንንም ከሥሩ ጻፍነው።