ሦስተኛው ማርሽ

ባለፈው ሴሚስተር «ያቺ ቮልስ ምን ደረሰች?» እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እዚህ ልመልስ። ጉዳዩ የመኪና ቢሆንም ምህንድስና ለማታጠኑትም አይከብድም። ማባዛትና ማካፈል ነው።

መኪናዋ ከአባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ የቀረችልን ውርስ ናት። በፈረንጆቹ 1966 የተሠራች፣ ባለ 1300 ሞተር። በፈራኢዱ አንድ ስምንተኛዋ የእናታችን ነው፤ የቀረውን እኔና ታላቅ ወንድሜ እኩል እንካፈላለን። እስካሁን ስላልተከፋፈልናት፣ ለእሷ ገንዘብ ማውጣት ሦስታችንም ካልተስማማን አይሆንም። ካምቢዮዋ ደግሞ አርጅቷል፤ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲለቀቅ ሁለተኛ ማርሽ ዘሎ ይወጣል። መካኒካችን ሶማሌ ተራ ዞሮ የ1500 ቮልስ ካምቢዮ አገኘና «እንዳለ እንቀይረው» አለ።

ወንድሜ ወዲያው ተስማማ። ሥራው አዳማ ስለሆነ በየሳምንቱ በፍጥነት መንገዱ ይመላለሳል፤ በ90 ሲነዳ የሞተሩ ጩኸት ራሱን ያዞረዋል። የ1500ው ካምቢዮ «ረጅም» ነው፤ ማለትም መኪናዋ በዚያው ፍጥነት ስትሄድ ሞተሩ በዝግታ ይዞራል። እኔ ግን እናቴን ነበር የማስበው። ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሕክምና ቀጠሮ አዲስ አበባ ትመጣለች። ጉልበቷ አውቶቡስ ስለማይችል በዚህችው ቮልስ ነው የምናመጣት፤ ያም ማለት ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና አድርጎ እስከ ጣርማበር ዋሻ መውጣት ነው። ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ ዳገት።

ሁለቱም ካምቢዮዎች ጋራዡ ውስጥ ተፈትተው ስለነበር ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። መካኒኩ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው የመጨረሻው ጥንድ በእኛው ላይ 35 ለ 8 ነው፣ ማለትም 4.375። በ1500ው 33 ለ 8፣ 4.125 ነው። (ክፍልፋይን መጀመሪያ የለመድኩት መድረሳ ውስጥ በፈራኢድ ነው፤ ስምንተኛ ሳይ የእናቶች ድርሻ ትዝ የሚለኝ ለዚህ ነው። አል-ኸዋሪዝሚም የአልጀብራ መጽሐፉን የመጨረሻ ክፍል የሰጠው ለውርስና ለኑዛዜ ስሌት ነው።) አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ ማርሽ በሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፦ 3.80፣ 2.06፣ 0.89። ሦስተኛው ግን ይለያያል። በእኛ 29 ለ 22፣ በ1500ው 29 ለ 23።

አንድ ጥርስ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ጎማውን በጠመኔ ምልክት አድርጌ አንድ ዙር ገፋሁትና 1.95 ሜትር ሄደ። በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በአራተኛ ማርሽ፣ የእኛ ሞተር በደቂቃ ወደ 2,995 ጊዜ ይዞራል፤ በ1500ው ካምቢዮ ቢሆን ወደ 2,825። ልዩነቱ 170 ዙር ነው፣ ስድስት በመቶ እንኳ አይሞላም። ለዚህች ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ክርክር።

ሦስተኛ ማርሽ ላይ ግን ሁለቱ ልዩነቶች ይደራረባሉ። የእኛው 1.318 በ4.375 ሲባዛ 5.77 ይመጣል፤ የሌላው 1.261 በ4.125 ሲባዛ 5.20። ጎማው ላይ ከሚደርሰው የመግፋት ኃይል አሥር በመቶ ያህሉ ሄደ ማለት ነው፤ ያውም ዳገት በምንወጣበት ማርሽ። ካምቢዮ ጉልበት አይፈጥርም፤ ሞተሩ የሰጠውን ነው የሚመነዝረው። የእኛ ሞተር ደግሞ ባሕር ጠለል ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ቢኖረውም፣ አየሩ ስስ በሆነበት በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 30 ይወርዳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ጣርማበር ከዚያም ያንሳል። ከዚህ ላይ አሥር በመቶ ስትቀንሱ ሦስተኛ አልወጣ ይላል፣ ወደ ሁለተኛ መመለስ ግድ ይሆናል። ያኔ በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 3,200 ዙር ያልፋል። ወንድሜ አዳማ መንገድ ላይ የሸሸው ጩኸት ደብረ ሲና ላይ ብሶ ይጠብቀዋል።

ወንድሜ ይህን ሁሉ በስልክ ሰምቶ «ታዲያ በሦስተኛ ታግሶ ቀስ ብሎ መውጣት ነዋ» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ቢሆን ብዙም አልከራከረውም ነበር። ቮልስ ግን የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ማራገቢያዋን የሚያዞረው የሞተሩ ቀበቶ ስለሆነ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ማራገቢያውም ይዘገያል። ነዳጁን ረግጦ በዝቅተኛ ዙር ዳገት ማስወጣት፣ ሙቀቱ በበዛበት ሰዓት ነፋሱን መቀነስ ነው። አባታችን ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያቃስት ሳይሰማ ማርሽ የሚቀንሰው ለዚህ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ወንድሜም ዝም ያለው ይህን ስነግረው ነው፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ነው ከአባታችን ጎን ተቀምጦ ብዙ የተጓዘው።

እናታችንን ስንጠይቃት «እኔ ስለ ብረት ምን አውቃለሁ» አለች። ቀጥላ ግን ባለፈው ጊዜ ከዋሻው በታች ቆመን ሞተሩ እስኪበርድ ስንጠብቅ በጣም እንደበረዳት አነሳች።

የወሰንነው ይህ ነው። የራሳችንን ካምቢዮ ከነ35 ለ 8ቱ እናቆየዋለን። ሁለተኛ ማርሽ በሁለቱም 35 ለ 17 ስለሆነ፣ የተበላውን ጥንድ ከ1500ው ወስደን እንተካለን፤ መካኒኩ ለክቶ ይገጥማል ብሏል። ደህና የሆኑትን ኩሽኔታዎችም ከዚያው እንወስዳለን። ሙሉውን ብንቀይር ኖሮ የ1500ው የኋላ አክስሎች ረዘም ስለሚሉ ከነቱቦዎቻቸው መግዛት ነበረብን፤ ያ ወጪ ቀረልን። ከዚያ ከተረፈው ላይ ለወንድሜ ጩኸቱን የሚቀንስ ምንጣፍ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ እናስገባለታለን፤ እሱም ይህን እንደ ካሳ ተቀብሏል። የእናታችን ቀጠሮ ጥር ላይ ነው። ካምቢዮው ከዚያ በፊት ይገጠማል፣ ኢንሻአላህ።